ኳስ ለሴት ልጅ እንጀራ ይሆናልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 እንደ ዛሬው ባለ የበዓል ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን የምናገረው ስለ ኳስ፣ ይልቁንም ስለ ሴት ልጅ ኳስ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ፈገግታችሁ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ ግን ከፈገግታ ያለፈ ነው።

እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ የክፍላችን ሴቶች ልጆች ሁለት ሙሉ ቡድን ሆነን እርስ በርሳችን እንጋጠም ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረነው ብንሰበሰብ አንድ ቡድን አንሞላም። የጎደሉት ልጆች ችሎታ አላነሣቸውም። አንዳንዶቹ ተዳሩ፤ አንዳንዶቹ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከትምህርት ቀርተው በዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹም ትምህርታቸውን ሳይተዉ ኳሱን ብቻ «አድገሻል፤ ይበቃሻል» ተብለው ተዉት። ይበቃሻል ያላቸው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። እናት ናት፤ አባት ነው፤ ታላቅ ወንድም ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለመሆኑ ኳስ ለሴት ልጅ እንጀራ ይሆናልን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የሚናቅ ስላልሆነ እንደ ቁም ነገር ወስጄ የምችለውን ያህል ልመልሰው አስቤአለሁ። ዘመኑንም የአገራችንን ነገር ስናገር በአገራችን አቆጣጠር፣ የውጭውን ስናገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራዋለሁ።

በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም እንለይ። ለጤናው ወይም ለደስታው ሲል የሚጫወት ሁሉ ተጫዋች ይባላል። ፕሮፌሽናል የሚባለው ግን ጨዋታውን ሙያው አድርጎ፣ ከክለብ ጋር የጽሑፍ ውል ተፈራርሞ፣ በውሉ መሠረት ደመወዝ እየተከፈለው የሚኖር ነው። ውሉ ለተወሰነ ዘመን ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ወይ ይታደሳል፣ ወይ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። ተጫዋቿ በልምምድ ሰዓት መገኘት፣ ምግቧንና እንቅልፏን መጠበቅ፣ የአሠልጣኟን ትእዛዝ መፈጸም ግዴታዋ ነው። ክለቡም ደመወዟን በጊዜው መክፈልና በሥራው ላይ ስትጎዳ ማሳከም ግዴታው ነው። እንግዲህ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ማለት እንደ ነርሷ፣ እንደ መምህሯ ሁሉ ሥራ ያላት ሴት ማለት ናት እንጂ፣ ሥራ ፈትታ ስትጫወት የምትውል ሴት ማለት አይደለችም።

ይህ ነገር በወሬ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጥቀስ። ሎዛ አበራ በ1990 ዓ.ም. በከምባታ፣ በዱራሜ ተወለደች። ዱራሜ እንደኛ ገንዳ ውኃና እንደ መተማ ዮሐንስ ከታላላቆቹ ከተሞች የማትቈጠር ከተማ ናት። ሎዛ ኳስን የለመደችው በሰፈር ሜዳ ከወንዶች ልጆች ጋር እየተጋፋች ነው። ከዚያ ወደ ሐዋሳ ከተማ ክለብ ገባች፤ ቀጥሎም ወደ ደደቢት ተሻገረች። በደደቢት ሳለች ከጓደኞቿ ጋር የሴቶቹን ሊግ ዋንጫ አነሣች፤ በግብ አስቆጣሪነትም በተደጋጋሚ የሊጉ አንደኛ ሆነች። ለብሔራዊ ቡድናችን፣ ማለት «ሉሲዎቹ» ለሚባሉት፣ ግብ ከሚታመንባቸው ተጫዋቾች አንዷ ሆና ተሰለፈች።

በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስዊድን ወደሚገኘው ኩንግስባካ ወደተባለ ክለብ ሄደች። ስዊድን ለሴቶች ኳስ የቆየ ስም ያላት አገር ናት። እዚያ ግን ብዙ አልቆየችም፤ ወደ አገሯ ተመልሳ ለአዳማ ከተማ ተጫወተች። በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ደግሞ ማልታ ወደምትባለው የሜዲትራኒያን ደሴት ተጉዛ ለቢርኪርካራ ክለብ ተሰለፈች። በዚያም ቡድኗ 17 ለ 0 ባሸነፈበት አንድ ግጥሚያ ብቻዋን 7 ግብ በማስቆጠሯ ስሟ በዓለም የዜና ማሠራጫዎች ተጠራ። ከማልታ ተመልሳ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ቡድን ተቀላቀለች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በናይሮቢ በተደረገው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ክለቦች የማጣሪያ ውድድር ላይ ባንክ እስከ ፍጻሜው ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ቢሸነፍም፣ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሎዛ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ክረምትም አሜሪካን አገር በዋሽንግተን ከተማ አዲስ ከተቋቋመው ዲሲ ፓወር ከተባለ ክለብ ጋር ውል ፈረመች። ከዱራሜ ሜዳ እስከ ዋሽንግተን ስታዲየም ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

ከዚህች ልጅ ታሪክ ልብ እንድንለው የምፈልገው የግቦቹን ብዛት ብቻ አይደለም። መንገዱ ቀጥ ያለ እንዳልነበር ልብ እንበል። ውጭ አገር ሄዳ ተመልሳለች፤ ተመልሳም እንደገና ሄዳለች። ወደ አገር መመለስን እንደ ውርደት ቈጥራ ቢሆን ኖሮ ወደ ማልታ የሚያደርሳትን በር ባላገኘችው ነበር። ሙያ ያለው ሰው ሥራ በሄደበት ይሄዳል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል፤ ሙያው ግን አብሮት ነው። ሁለተኛም፣ ሎዛ ከሰፈር ሜዳ ተነሥታ በአንድ ጊዜ ወደ አውሮፓ አልዘለለችም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከሰፈር ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ታላቅ ክለብ፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ነው የሄደችው። ከእነዚህ እርከኖች የመጀመሪያው፣ ማለት የሰፈሩና የትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ቢዘጋባት ኖሮ የቀሩት ሁሉ ባልተከፈቱም ነበር። ይህን የመጀመሪያውን እርከን የምትከፍቱትም የምትዘጉትም፣ ውድ ወላጆች፣ እናንተ ናችሁ።

ምናልባት «ይህ ነገር የኛ ባህል አይደለም፤ የፈረንጆች ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ፈረንጆቹም ራሳቸው ለሴት ልጅ ኳስን በደስታ አልሰጧትም። በእንግሊዝ አገር በ1920 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር ሊቨርፑል ላይ ሴቶች ያደረጉትን አንድ ጨዋታ ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ ተመልክቶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1921 የአገሩ የእግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይገባም ብሎ ሜዳዎቹን ዘጋባቸው፤ ክልከላውም ወደ 50 ዓመት ገደማ ጸና። በብራዚልም በ1941 በሕግ ተከለከሉ፤ ሕጉ የተነሣው በ1979 ነው። ከዚያችው ከብራዚል፣ ዶይስ ሪያሾስ ከተባለች ድኻ የገጠር ከተማ፣ ማርታ የምትባል ልጅ በ14 ዓመቷ በአውቶቡስ ወደ ሪዮ ደ ጃኔሮ ሄዳ በክለብ ተፈትና ተቀጠረች፤ በኋላም የዓለም ምርጥ ሴት ተጫዋች ተብላ 6 ጊዜ ተሸለመች። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ እንኳ የተደረገው በ1991 በቻይና ነው። እንግዲህ የሴቶች ኳስ በሁሉም አገር በክርክር የተገኘ ነገር ነው፤ እኛም ዛሬ የምንከራከረው ሌሎቹ ትናንት የተከራከሩትን ነው።

አገራችንም በዚህ ነገር የኋለኛ አይደለችም። ወንዶቹ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ እንደ ወሰዱ ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። የሴቶቹ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሉሲዎቹ በ1995 ዓ.ም. በናይጄሪያ፣ በ1997 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በ2005 ዓ.ም. በኢኳቶሪያል ጊኒ በተደረጉት የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ውድድሮች ተካፍለዋል፤ በደቡብ አፍሪካውም አራተኛ ሆነዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ከካሜሩን ጋር ተጋጥመው በአገራቸው 1 ለ 1፣ በካሜሩን 0 ለ 0 ተለያዩ፤ ከሜዳ ውጭ የተቈጠረ ግብ ይበልጣል በሚለው ደንብ ግን ወደቁ። ሁለቱንም ጨዋታ ሳይሸነፉ ወደቁ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻም የንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን አዲስ አበባ ላይ የቀጠናውን ዋንጫ አንሥቶ ሞሮኮ ለተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ክለቦች ሻምፒዮና አለፈ። ይህን ያደረጉት ሁሉ እንደኛው ከየአውራጃው የመጡ ልጆች ናቸው።

አሁን ወላጆች ወደሚያነሡት ነገር ልመለስ። እኔ የሰማሁት ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የክብርና የአለባበስ ነገር ነው። በመተማና በቋራ፣ በገንዳ ውኃና በሽንፋ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጁን በጨዋነት ማሳደግ ይፈልጋል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጨዋነትና ኳስ ጠላቶች አይደሉም። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ማለት ፊፋ፣ ተጫዋቾች ራሳቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ከ2014 ጀምሮ በደንብ ፈቅዷል፤ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫም ኑሐይላ ቤንዚና የተባለች የሞሮኮ ተከላካይ ሒጃቧን እንደ ለበሰች ለአገሯ ተሰልፋለች። ረጅም ሱሪ ለብሶ መጫወትም ይቻላል። ልጅን ከጥፋት የሚጠብቃት ቤት መቀመጧ ብቻ አይደለም፤ ጊዜዋን በሥርዓት መያዟና የሚከታተላት ታላቅ ሰው መኖሩ ነው። በሜዳው አጠገብ አንዲት መምህርት ወይም አንዲት እናት ከተቀመጠች፣ ሜዳው ከመንገድ ይልቅ የተጠበቀ ቦታ ነው።

ሁለተኛው የጉዳት ነገር ነው። ይህም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ተጫዋቾች ላይ በብዛት እንደሚደርስ ሐኪሞች ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባት ተጫዋች ብዙ ወራት ከሜዳ ትርቃለች። ሆኖም መከላከያ አለው። ፊፋ ያዘጋጀው «11+» የተባለ ማሟሟቂያ አለ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ከሜዳና ከኳስ በቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዘሎ ጉልበትን አጥፎ ማረፍና የጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ዘወትር በሚገባ ሲሠራ ጉዳት እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ከዚህም ጋር የአገራችን ሙቀት አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ልጅን ማስሮጥ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ልምምዳችን ወይ ከጧቱ በ12 ሰዓት፣ ወይ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሊሆን ይገባል፤ ውኃም ከሜዳው ዳር መጥፋት የለበትም።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ የእንጀራው ነገር። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አልፈልግም። ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች ብዙዎቹ ፕሮፌሽናል አይሆኑም። ከሚሆኑትም መካከል እንደ ሎዛ ባሕር የሚሻገሩት ጥቂቶች ናቸው። የሴቶች ደመወዝ ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸር በሁሉም አገር ማለት ይቻላል ያንሳል። ዘመኑም አጭር ነው፤ አንዲት ተጫዋች ከሠላሳ አምስት ዓመቷ በኋላ በሜዳ የምትቆየው በብርቱ ጥንካሬ ነው። እንዲህ ከሆነ ኳስ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። መልሴ ይህ ነው፤ ኳስ ትምህርትን ተክቶ እንጀራ አይሆንም፤ ከትምህርት ጋር ሲሄድ ግን ይሆናል። ማስረጃዬም ሊዲያ ታፈሰ ናት። ሊዲያ ተምራ ፋርማሲስት ሆነች፤ ኳሱንም አልተወችም፤ በዳኝነት ሙያ ገፍታ በ2015 በካናዳ፣ በ2019 በፈረንሳይ በተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ላይ ዳኛ ሆነች። በኳስ ዙሪያ ያለው ሥራ ግብ ማግባት ብቻ አይደለም። ዳኛ አለ፤ አሠልጣኝ አለ፤ የስፖርት ሐኪም አለ፤ የስፖርት መምህር አለ፤ ጋዜጠኛ አለ። እነዚህ ሁሉ ደብተር የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው።

ሥራውም ዛሬ ሕግ የሌለው ሥራ አይደለም። በፊፋ ደንብ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በውል ሊዛወር አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ የ15 ዓመት ልጃችሁን «ወደ ውጭ አገር ወስጄ ተጫዋች አደርጋታለሁ» ቢላችሁ፣ ያ ሰው ደንቡን የማያውቅ ወይም የሚያታልል ስለ ሆነ እንዳትሰሙት። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋች ስትወልድ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛ ጋር እንድታገኝ ተደንግጓል። ስለዚህ ኳስ መጫወት ትዳርንና ልጅን የሚከለክል ነው የሚለው ሐሳብ በደንብ ፊት አይቆምም። በትክክለኛው ጊዜ ማግባትንማ ማን ይጠላል? የቤተሰብ ሕጋችንም 18 ዓመት ጠብቁ ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ከአገራችን ሥራ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ሁላችሁም ሰሊጥን ከኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የታችኛው ፍሬ ሊከፈት ሲል ይታጨዳል፤ ይታሰራል፤ በሂላ ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ይራገፋል። ገበሬው «ለሳምንት ልቆይ» ቢል ቅርፊቱ ተከፍቶ የዓመት ድካሙ መሬት ላይ ይረግፋል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሠራተኛ ከየአገሩ እየተጠራ ሌት ተቀን የሚታጨደውም ስለዚህ ነው። አባቶቻችንም «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ያሉት ሁሉም ነገር ጊዜ እንዳለው ሲያስረዱ ነው። የልጅ ተሰጥዎም እንዲሁ ነው። እግር ከኳስ ጋር የሚዋደደው በልጅነት ነው፤ ጉልበትና ማስተዋልም አብረው የሚጠነክሩት ከ12 እስከ 18 ባለው ዕድሜ ነው። አንዲትን ልጅ በ14 ዓመቷ ከሜዳ አስወጥተን በ20 ዓመቷ «በይ አሁን ተጫወቺ» ብንላት፣ የረገፈ ሰሊጥ ልቀሙ እንደ ማለት ነው። ለሰሊጡ ቀኑን የምንጠብቅ ሰዎች ለልጆቻችን ቀኑን እናሳልፍባቸዋለንን? በወንጌልም መክሊቱን መሬት ቆፍሮ የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው ገንዘቡን ስላጠፋ አልነበረም፤ ሳይሠራበት ስለ ቀበረው ነው እንጂ። እኛም የሴት ልጅን መክሊት ስንቀብር ያጠፋን አይመስለንም፤ ልጅቷን በደኅና ያስቀመጥን ይመስለናል።

በዚህ በቆላው አገር ወላጅ የሚፈራበት ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ስንት ቤተሰብ ነፍሱን ይዞ እንደ ገባ በዓይናችን አይተናል። በክልላችንም በእነዚህ ዓመታት ብዙ የመንገድና የጸጥታ ችግር ደርሷል። ከመተማ እስከ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጅን ለአንድ ውድድር በዚህ መንገድ መላክ ለእናት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ እኔ ዛሬ ልጆቻችሁን ወደ ሩቅ አገር ላኩ አልልም። የምለምነው በሩቅ ያለ ነገር አይደለም፤ እዚሁ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ልመናዬም አራት ነው።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤታችን በሳምንት ሁለት ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ሜዳውን ለሴቶች ልጆች ብቻ እንዲለቅልን እለምናለሁ። ዛሬ ወንዶቹ ሲጨርሱ እኛ እንገባለን ይባላል፤ ወንዶቹ ሲጨርሱ ግን ፀሐይዋም አብራ ትጨርሳለች።

ሁለተኛ፣ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ውኃ መቅዳቱንና የማታውን እራት ማሰናዳቱን ወንድሞቻችን እንዲያግዙን ወላጆች እንዲያዝዙልን እለምናለሁ። ወንድሜ ሜዳ ላይ ሲውል ጀሪካን እየጠበቀው አይደለም። እኛ ግን የምንሮጠው ጀሪካኑ በቤት እየጠበቀን ነው።

ሦስተኛ፣ ከመምህራት አንዷ፣ ከእናቶችም ሁለት ወይም ሦስት፣ በተራ ከሜዳው ዳር እንዲቀመጡልን እለምናለሁ። ይህ ቢሆን ብዙ አባቶች ልባቸው ያርፋል። አንድ ጊዜ ልጃቸው ስትጫወት ያዩ እናቶች ኋላ ራሳቸው ጨዋታውን የሚወዱት ይመስለኛል።

አራተኛ፣ በመስከረምና በጥቅምት የሰሊጥ ሥራ በሚበረታበት ጊዜ ሴቶች ልጆች ከትምህርት ገበታ ፈጽመው እንዳይቀሩ እለምናለሁ። በቅዳሜና በእሑድ ቤተሰብን ማገዝ ደስታችን ነው። አንድ ወር የቀረች ልጅ ግን ትምህርቱን ለመያዝ ትቸገራለች፤ ስትቸገር ታፍራለች፤ ስታፍር ትቀራለች፤ ከቀረች በኋላ የሚጠብቃት ባል ነው። ኳሱም ደብተሩም በአንድ ቀን ያልቃሉ።

ለታናናሽ እኅቶቼም አንድ ቃል አለኝ። ኳስ የምትወዱ ሁሉ፣ ደብተራችሁን ትታችሁ ሜዳ እንዳትገቡ። ኳስን የሚጠሉ ሰዎች የሚፈልጉት ማስረጃ የናንተን የፈተና ውጤት መውደቅ ነው፤ ይህን ማስረጃ አትስጧቸው። ልምምድ በተባለው ሰዓት ተገኙ፤ ማሟሟቂያውን አትዝለሉ፤ የወደቀች ጓደኛችሁን አንሡ፤ ዳኛ አትሳደቡ። ከመካከላችሁ አንዷ እንኳ ክለብ ብትገባ ለቤቷ ረድኤት ትሆናለች። የቀሩትም ጤነኛ አካል፣ የጠነከረ ልብና ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራትን ይዘው ይወጣሉ። ይህንንም ነርሷም፣ ነጋዴዋም፣ የልጆች እናትም ትፈልገዋለች።

ክቡራን ሆይ፣ መተማ የሚለው ስም በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ለአገራቸው የወደቁበት ቦታ በመሆኑ ነው፤ ሁለተኛው በሰሊጡ ነው። በሦስተኛ ነገር ብትታወቅ፣ ይኸውም በሴቶች ልጆቿ፣ ማንም የሚከፋው አይመስለኝም። ኳስ ለሴት ልጅ እንጀራ ይሆናልን ለሚለው ጥያቄ ሎዛ አበራ በእግሯ መልሳለች። ለኛ ልጆች የሚመልሱት ግን ሜዳውን የሚከፍቱላቸው ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት ናችሁ።